ዕቃ መቀነስ የቤት ድምፅ ያጠራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ቤት የሙዚቃ መሣሪያ «ድምፁ የሚያልፍባቸው ዕቃዎች ባነሱ ቁጥር ይጠራል» ሲባል ልክ ይመስላል። ግን ዕቃ መቁጠር ብዙም አይጠቅምም፤ አንዱ ዕቃ ከሚቀጥለው ጋር መስማማቱን ማየት ይሻላል።

«ፕሪአምፕሊፋየር ትርፍ ነው፣ የቮልዩም ሳጥን ብቻ ይበቃል»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ፕሪአምፕሊፋየር ከአምፕሊፋየሩ በፊት ገብቶ ድምፁን የሚያዘጋጅ ዕቃ ነው። ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የቮልዩም ሳጥን ውስጡ ፖቴንሽዮሜትር (ሲዞር ተቃውሞው የሚለዋወጥ ሬዚስተር) እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ፖቴንሽዮሜትሩ 50 ኪሎ ኦም ከሆነና ድምፁ በ6 ዴሲቤል ከተቀነሰ፣ የመውጫው ኢምፔዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 12.5 ኪሎ ኦም ይደርሳል። ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ያለው ገመድ 5 ሜትር ቢዘረጋ 500 ፒኮፋራድ ይሆናል። የሳጥኑ ኢምፔዳንስና የገመዱ ካፓሲታንስ ተደምረው ቀጭን ድምፆችን የሚቆርጥ ማጣሪያ ይሠራሉ፤ 20 ኪሎኸርዝ ላይ 2 ዴሲቤል ገደማ ይጠፋል። ገመዱ 10 ሜትር ሲሆን ደግሞ 13 ኪሎኸርዝ አካባቢ 3 ዴሲቤል ይወርዳል። «ለስለስ ያለ ድምፅ» ተብሎ የሚወደሰው አንዳንዴ ይኸው ጉድለት ነው።

ሳጥኑን የግድ ከፈለጉ 10 ኪሎ ኦም ይምረጡ፣ ገመዱን ከ1 ሜትር አያስበልጡ፣ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ኢምፔዳንስም ከ25 ኪሎ ኦም አይነስ። ገመዱ ረጅም ከሆነ ከፖቴንሽዮሜትሩ በኋላ የኦፕአምፕ (ምልክት የሚያጠናክር ትንሽ ቺፕ) ባፈር፣ ማለትም የመውጫውን ኢምፔዳንስ የሚያወርድ ክፍል ይጨምሩ። መውጫው ወደ 100 ኦም ስለሚወርድ ገመዱ ምንም አይቆርጥም። ዕቃ ተጨመረ፣ ድምፁ ተሻለ።

«ኦፕአምፕ ሙዚቃውን ይገድላል»

ከ1980ዎቹ ወዲህ የተቀዳ ብዙ ሙዚቃ ቤት ከመድረሱ በፊት በስቱዲዮ ሚክሰር ውስጥ በደርዘን በሚቆጠሩ ኦፕአምፖች አልፏል። እቤት አንድ ቢጨመር የሚገድለው ነገር የለም።

«ባስና ትሬብል ማስተካከያው ይዘጋ፣ ዳይሬክት ይሻላል»

4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ባሱን ያጎላል። ባስና ትሬብል ማስተካከያውን ዘሎ ድምፁን በቀጥታ የሚያሳልፈው ዳይሬክት ቁልፍ ለዚህ መፍትሔ የለውም፤ ኢኩዋላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ማስተካከያ) ግን ጉብታውን ሊቀንስ ይችላል። (ክፍሉ የዋጠውን ባስ ለመሙላት መጨመር ግን ስፒከሩን ከማድከም በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው።) ዳይሬክት ሲጫን «ጠራ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ድምፁ በጥቂቱ ከፍ ስላለ ነው። ለማረጋገጥ የ400 ኸርዝ ድምፅ አጫውተው፣ አንዴ ዳይሬክት ተጭኖ አንዴ ሳይጫን፣ በስፒከሩ መግቢያ ላይ ቮልቴጁን በመልቲሜትር ይለኩ። አንዱ 2.00፣ ሌላው 2.02 ቮልት ከሆነ ልዩነቱ 0.1 ዴሲቤል ስለማይሞላ ማወዳደር ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ቮልዩሙን ያስተካክሉ።

«ለትዊተር አንድ ካፓሲተር በቂ ነው»

8 ኦም ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ላይ 6.8 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ3 ኪሎኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን ይቆርጣል፣ ነገር ግን ቁልቁለቱ በኦክታቭ (ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 6 ዴሲቤል ብቻ ነው። 750 ኸርዝ ላይ እንኳ ድምፁ በ12 ዴሲቤል ብቻ ቀንሶ ይገባል፤ ቮልዩም ሲጨመር ትዊተሩ የሚንጫጫውና የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

«ኡምም የሚለው ድምፅ ገመድ ሲበዛ የሚመጣ ነው»

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ዕቃዎቹ በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር መገናኘታቸው ነው። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ይንቀሉ፤ ኡምታው ከጠፋ ምንጩ እዚያ ነው። ከቲቪው በኦፕቲካል (በብርሃን የሚሠራ) ገመድ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ወደሚለውጥ ትንሽ መቀየሪያ፣ ከዚያ ወደ አምፕሊፋየር መሄድ ይቻላል። መንገዱ ረዘመ፣ ነገር ግን ኦፕቲካል ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በቲቪው በኩል የሚመጣው ኡምታ ይቆማል። በቲቪው የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ፒሲኤም (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) መመረጡን ያረጋግጡ፤ ካልተመረጠ መቀየሪያው ዝም ሊል ይችላል።