ኤክስቴንሽኗ፦ ደጃፍ ድረስ የሚመጣ የጤና ትምህርት

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረ፣ ጤናን ቤት ለቤት እየሄደ በነፃ የሚያስተምር የመንግሥት አሠራር ነው። ገጠር ውስጥ ግን በሙሉ ስሙ የሚጠራው የለም። «ኤክስቴንሽኗ መጣች» ነው የሚባለው። ጃንጥላ ይዛ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ «ውሻውን ያዙልኝ!» እያለች ከአጥር ውጭ የምትጣራዋ ልጅ ናት።

ሐሳቡ የተቀዳው ከግብርናው ነው። የልማት ሠራተኛው ለጥቂት ጎበዝ ገበሬዎች አዲስ ዘር ያሳያል፤ ጎረቤት ምርቱን አይቶ ይከተላል። ጤናም በዚሁ መንገድ ይስፋፋል ተባለ። በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ በየኬላው ሁለት ሴቶች። አንዱ ኬላ 5,000 ያህል ሰው ያገለግላል። አምስት ኬላዎች ደግሞ በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ።

ሠራተኞቹ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ልጆች ነበሩ። አንድ ዓመት ሠልጥነው በደመወዝ ይቀጠራሉ። ለምን ሴቶች? ስለ ወሊድ፣ ስለ ጡት፣ ስለ እርግዝና መከላከያ ከማታውቀው ወንድ ጋር ቁጭ ብላ የምታወራ እናት የለችም። በአርብቶ አደር አካባቢ ግን ወንዶችም ገብተውበታል።

ትምህርቱ ሲጀመር 16 ክፍሎች ነበሩት፤ ከሽንት ቤት አቆፋፈር እስከ ወባና ክትባት። አንድ ቤተሰብ 96 ሰዓት ተምሮ የተማረውን በቤቱ ሲተገብር «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቃል። ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ይሰቀላል።

የትምህርቱ ጉልበት ያለው ማሳየቱ ላይ ነው። ቢጫ ጀሪካን ሥሩ አካባቢ ይበሳል፣ የእስክሪቢቶ ቀፎ ይሰካበታል፣ የእስክሪቢቶው ክዳን እንደ ውታፍ ያገለግላል፣ ከዚያ ሽንት ቤቱ አጠገብ ባለ እንጨት ላይ ይንጠለጠላል። እጅ መታጠቢያ ተሠራ ማለት ነው። ሳሙና ከሌለ አመድ አለ። ይህን ለመረዳት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። እውነቱን ለመናገር፣ ለምርቃቱ ተብሎ ተቆፍሮ ዶሮ ማደሪያ የሆነ ሽንት ቤትም ሞልቷል።

ከባዱ ክርክር የነበረው ከአያቶች ጋር ነው። ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ የደግነት ሥራ ነበር። እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይደፋል። ልጅ ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይቦረቦራል፤ እንጥልም ይቆረጣል። እንግዲህ የ20 ዓመት ልጅ መጥታ «እማማ፣ እንገሩ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው፤ እስከ ስድስት ወር ውሃም አይስጡት» ስትል አስቡት። «አንቺ ስንት ወልደሽ ነው?» መባሏ አይቀርም። ልጅቷ ግን የአገሩ ልጅ ናት፤ ቡናውን ጠጥታ፣ ጨዋታውን ተጫውታ በሌላ ቀን ትመለሳለች። አዲስ አበባ የሚለጠፍ ፖስተር ይህን አይችልም።

መጀመሪያ ላይ ሥራዋ በዋናነት መከላከልና ማስተማር ነበር። ሕዝቡ ግን «መድኃኒት ከሌለሽ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይል ጀመር። ትክክል ነው፤ ልጅ ሲያቃስት ምክር አይበቃም። ቀስ በቀስ ኬላው የወባ ምርመራና መድኃኒት፣ ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ያዘ። ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሕፃናት የሳንባ ምች ሕክምናም ተጨመረ፤ ልጅቷ ትንፋሹን በደቂቃ ቆጥራ አንቲባዮቲክ መስጠት ጀመረች። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያም ታስገባለች።

ለውጡ በቁጥር ይታያል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 67 ደረሰ። ሁሉም የእሷ ሥራ ነው ማለት አይቻልም። መንገዱም፣ ክትባቱም፣ የሴቶች መማርም ድርሻ አላቸው። ጤና ጣቢያ ሄዶ መውለድ ግን ለብዙ ዓመት አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር፤ በዚያው 2008 ዓ.ም. እንኳ ከአራት ወሊዶች አንዱ ገደማ ብቻ ነበር የጤና ተቋም ውስጥ የሚፈጸመው። ለዚህ ነው በየወሩ የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ የመጣው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ገንፎ እየተበላ፣ ቡና እየተጠጣ ስለ ወሊድ የሚወራበት ነው።

ሸክሙ ደግሞ በሁለቱ ልጆች ትከሻ ላይ እየተከመረ ሄደ። ክፍሎቹ ከ16 አልፈዋል፤ ሪፖርቱ፣ ስብሰባው፣ የቀበሌው «እግረ መንገድሽን» ሥራ አያልቅም። «አንድ ለአምስት» የሚባለው፣ አንዷ ሴት አምስት ጎረቤቶቿን የምትመራበት አደረጃጀት ሲመጣ ብዙ ሰው ፖለቲካ ሸትቶት ሸሸ። በእኔ ግምት አደረጃጀቱ ኤክስቴንሽኗን ከጠቀማት ይልቅ አመኔታዋን ጎድቷል። ከእናቶች ጋር ቡና እየጠጣች ያመጣችውን ነገር ስም እየጠሩ በመቁጠር ማግኘት አይቻልም።

ዛሬ ብዙዎቹ በደረጃ አራት (በዲፕሎማ) ተመርቀዋል። ከተማ ውስጥ ሥራው የተጀመረውም በነርሶች ነው። የየቤቱ የጤና መረጃ የሚያዝበት የቤተሰብ ማኅደር ከካርቶን ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። የጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952ም አለ። ታብሌቷ ግን ቻርጅ ትፈልጋለች፤ ኬላው መብራት ከሌለው ልጅቷ ከተማ ወርዳ ቻርጅ አድርጋ ትመለሳለች። እስከዚያው የክትባቱ ቀጠሮ ደብተሩ ላይ ይጻፋል።