ኩኒፎርም በዩኒኮድ፦ የምልክት መለያ ቁጥር ምንድን ነው?

ኩኒፎርም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት ማብቂያ ላይ በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ የተጀመረ፣ ሸምበቆን ባልደረቀ ሸክላ ላይ በመጫን የሚጻፍ ጽሕፈት ነው፤ እያንዳንዱ ጭረት ሽብልቅ ስለሚመስል የሽብልቅ ጽሕፈትም ልንለው እንችላለን። ከሱመራውያን በኋላ አካዳውያን፣ ኤላማውያንና ኬጢያውያን ለየቋንቋቸው ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ፣ ለዓለም ጽሕፈቶች በኮምፒውተር የሚያገለግል መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ 5.0 ዕትም፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን ጨምሮ በ982 ምልክቶች ተመዘገበ።

ምዝገባው አስቀድሞ የጠየቀው «አንድ ምልክት» የሚባለው ምን እንደሆነ መወሰንን ነበር። በኮከብ ሥዕል የተጀመረውን ምልክት እንውሰድ። ሱመራውያን «አን» ብለው ሲያነቡት ሰማይ፣ «ዲንጊር» ብለው ሲያነቡት አምላክ ማለት ነው፤ አካድኛ ጸሐፊዎች ደግሞ «ሻሙ» ይሉታል፣ ይህም የእኛው «ሰማይ» ዘመድ ነው። በአማልክት ስም ፊት ሲቆም ግን ድምፅ የለውም፤ ተከታዩ ስም የአምላክ መሆኑን ብቻ ያመለክታል። ዩኒኮድ ለዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር ብቻ ሰጥቶታል። ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል፤ ጸሐፊው በሸክላው ላይ ያሳረፈው አንድ ምልክት ነውና፣ እንዴት እንደሚነበብ መወሰን የአንባቢው ድርሻ ነው።

ቅርጹም ቢሆን በቁጥሩ ውስጥ የለም። በሱመር ከተማ በዑር ሦስተኛ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከክርስቶስ ልደት በፊት 2100 ገደማ) የነበረው ምልክት ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በአሦራውያን ጽላት ላይ ሲገኝ እጅግ ተለውጦ ሳለ፣ ቁጥሩ ያው ነው፤ የዘመኑን መልክ የሚያሳየው የተመረጠው ፎንት ነው። በአንጻሩ በአፍ ምልክት ውስጥ እንጀራ ተስሎ «መብላት»፣ ውኃ ተስሎ «መጠጣት» ሲሆን፣ እነዚህ ጥምሮች ከክፍሎቻቸው የሚገጣጠሙ ሳይሆኑ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ለቀደምት ሥርወ መንግሥታት ዘመን ጽሑፎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ 196 ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ገብተዋል።

በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር የእኛ ሀ ቁጥር 1200 ሲሆን፣ የኩኒፎርም የመጀመሪያ ምልክት ማለትም ውኃን የሚገልጸው «አ» 12000 ነው (በተለመደው አቆጣጠር 73,728)። ይህ ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቦታዎች ውጭ ስለሚውል፣ መለያ ቁጥሮቹ በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ዘዴ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ሲፈጅ ኩኒፎርም አራት ይፈጃል።

በሽብልቅ የተጻፈ ሁሉ ግን በዚህ መዝገብ አይካተትም። 30 ፊደላት ያሉት፣ በጥንታዊቷ የሶርያ ከተማ በኡጋሪት የተጻፈበት ጽሕፈት ከሱመራውያኑ ጋር የሚጋራው የጭረቱን መልክ ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ለብቻው ተመዝግቧል። የዚህ ፊደል ወገን በሆነ፣ በጥንታዊቷ የእስራኤል ከተማ በቤትሳሚስ በተገኘ ጽላት ላይ ተራው የሚጀምረው እንደ ግዕዝ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው።