ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ፦ ከአዞ ገበያ እስከ ዶርዜ መንደር

ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ ጥግ ይገኛል። ጥግ ስንል በእውነት ጥግ ነው። ከሲቀላ ሰፈር ወጣ ብሎ ትንሽ እንደተሄደ የፓርኩ በር ይደረሳል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው መንገዱ እንደሚመርጠው አቅጣጫ ይለያያል እንጂ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አውሮፕላንም አለ።

ፓርኩ የተመሰረተው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 78ቱ ያህል ውሃ ነው። በሰሜን አባያ፣ በደቡብ ጫሞ ሐይቅ ይዋሰኑታል። በሁለቱ መካከል የተጋደመው ኮረብታ «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ሼቻ ሰፈር ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየው ሰው ስሙ ለምን እንደወጣ ወዲያው ይገባዋል። በግራ የአባያ ውሃ ቀላ ብሎ ይታያል፤ ቀለሙ ከተሸከመው ደለል የመጣ ነው። በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። መሃል ላይ አረንጓዴው ድልድይ። ከአገራችን እይታዎች ሁሉ ይኼኛው ከፊት ተርታ ይሰለፋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከፓርኩ በፊት ስለነበረው ዘመን በጽሑፍ የቀረው ጥቂት ነው። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዚህ ደርሶ አባያን በአገሩ ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር። ስሙ ለጊዜው ካርታ ላይ ሰነበተ። የአካባቢው ሰው ግን አባያውን አባያ እንዳለ ኖረ።

ደኑ

ከበሩ እንደታለፈ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ደኑ ነው። ትልልቅ የሾላ ዛፎች ሰማዩን ሸፍነውታል። አገሩ ቆላ ነው፤ ዙሪያው ግራርና ቁጥቋጦ ነው። ታዲያ ይህን ጥቅጥቅ ደን ምን አበቀለው?

መልሱ ከመሬት ስር ነው። በጋሞ ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ውስጥ ይሰርግና ከተራራው ግርጌ መልሶ ይፈልቃል። ደኑ ስሩን የዘረጋው እዚህ ውሃ ላይ ነው። ለዚህም «የከርሰ ምድር ውሃ ደን» ይባላል። ሰማዩ ዝናብ ቢከለክለው እንኳ መሬቱ ያጠጣዋል። ከተማዋም ስሟን የወሰደችው ከእነዚሁ ምንጮች ነው። «አርባ» የተባለው ብዛታቸውን ለመግለጽ ነው የሚሉ አሉ። የከተማው ሰው የሚጠጣው ውሃም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ደኑን መጠበቅ ለአርባ ምንጭ ሰው የጉሬዛና የወፍ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የቧንቧ ውሃ ጉዳይ ነው።

ጉሬዛው ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ ረጅም ነጭ ጭራውን ቁልቁል ለቆ ይቀመጣል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ፀጉሩ እንደ ካባ ይከፈታል። ጦጣና ዝንጀሮ በብዛት አሉ። ድኩላና የዱር አሳማም አለ፤ ግን እነሱን ለማየት ዝም ብሎ መሄድን ይጠይቃል። ማገዶ ተሸክመው ከጫካው የሚወጡ ሴቶችን ማየትም የተለመደ ነው። ሸክሙ ከባድ ነው፤ ኑሮም ነው። የደኑ ፈተና በዋናነት ይኸው የማገዶና የከሰል ፍላጎት ነው።

ሐይቁና አዞዎቹ

ብዙ ጎብኚ የሚመጣው ለጫሞ ነው። የቁልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ወርዶ፣ ከተማዋን አቋርጦ ጫሞ ይገባል። እሱ በሚገባበት አካባቢ ያለው ዳርቻ «የአዞ ገበያ» ይባላል። የሚሸጥ ነገር የለም። አዞዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ ተሰብስበው፣ እንደ ገበያ ቀን ተደርድረው ስለሚተኙ ነው።

ጉዞው በሞተር ጀልባ ነው። ጀልባው ሲቃረብ ሞተሩ ይጠፋል። ያኔ ነው ዝምታው የሚሰማው። አዞው አፉን በሰፊው ከፍቶ ይተኛል፤ ይህ ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ የሚያደርገው ነው እንጂ የቁጣ ምልክት አይደለም። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ጀልባው ትንሽ ሲጠጋው ሆዱን እየጎተተ፣ ድምፅ ሳያሰማ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁለት ዓይኖች ብቻ ይቀራሉ። ጉማሬዎችም በመንጋ አሉ። ልጆች ያሏት ጉማሬ አደገኛ ስለሆነች ጀልባ ነጂዎቹ ርቀታቸውን ይጠብቃሉ፤ «ጠጋ በል» ብሎ መጎትጎት ጥሩ አይደለም።

ፔሊካን፣ አሳ አዳኝ ንስርና ልዩ ልዩ የውሃ ወፎች ዳር ዳሩን ይዘውታል። አሳ አጥማጆች ከቀላል እንጨት በታሰረ ታንኳ ላይ ቁጭ ብለው ሲቀዝፉ ይታያሉ። ከውሃው ወለል ያላቸው ከፍታ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። አዞ ባለበት ውሃ ላይ ይህን ያህል ተረጋግተው መዋላቸው ይገርማል። የአባያ አዞ ከጫሞው ይልቅ ኃይለኛ ነው ይባላል፤ ምክንያቱ አባያ ውስጥ አሳው ስለሚያንስ ነው ይላሉ። ከሐይቅ ሲመለሱ አርባ ምንጭ ላይ አሳ ሳይበሉ መሄድ ደግሞ ያስቆጫል።

ሜዳው

ነጭ ሳር የሚለውን ስም ያመጣው ከድልድዩ ማዶ፣ በምስራቅ በኩል የተዘረጋው ሜዳ ነው። ሳሩ ሲደርቅ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ያለ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና አይሞከርም። የፓርኩን ጠባቂ (ስካውት) ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሜዳው ላይ የሜዳ አህያ በመንጋ ይግጣል። የሜዳ ፍየል፣ አጋዘንና ትንሿ እንሹም አሉ። ቆርኬም ፓርኩ ከተቋቋመባቸው ምክንያቶች አንዱ ነበር። ቆርኬ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የማይገኝ እንስሳ ነው። እዚህ ግን ቁጥሩ ክፉኛ ተመናምኗል፤ እሱን ለማየት ዛሬ የሚመረጠው ቦታ የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ነው። ዝሆንና ጎሽም ከፓርኩ ጠፍተዋል።

ስለ ሜዳው ሲወራ የማትዘለል አንዲት ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የአጥኚዎች ቡድን ሜዳውን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ በመኪና የተዳጠች ወፍ አገኘ። አካሏ ተጨፍልቋል። የተረፈው አንድ ክንፍ ነው። ወፏ በሌሊት እየበረረ ነፍሳት ከሚለቅመው የናይትጃር ወገን ነበረች። ክንፏ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ሙዚየም ውስጥ ካሉት ናሙናዎች ጋር ተነጻጸረ። ከየትኛውም አልገጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት፦ ካፕሪሙልገስ ሶላላ። «ሶላላ» በላቲን «አንድ ክንፍ ብቻ» እንደማለት ነው። መጠሪያዋን ከነጭ ሳር ወስዳ የነጭ ሳር ናይትጃር ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ወፍ አፍቃሪዎች ሜዳው ላይ በሌሊት አየናት ብለዋል። አንድ ክንፍ ለሳይንስ አዲስ ስም ሲያስመዘግብ፣ ያስመዘገበው እዚህ ሳር ላይ መሆኑ ለአካባቢው ሰው ደስ የሚል ነገር ነው።

ሰውና ፓርክ

በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ጉጂዎችና ቆሬዎች የሚባሉት የአካባቢው ሕዝቦች ከብት ያግጣሉ፣ ያርሳሉም። ጉዳዩ ለረጅም ዘመን አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት ፓርኩን ለማስተዳደር ከመንግሥት ጋር ተስማማ። በዚያው ጊዜ ነዋሪዎችን ከፓርኩ የማንሳት ሥራ ተሠራ። ቆሬዎች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ጉጂዎችም ቤታችን ተቃጠለ ብለው አቤቱታ አሰምተዋል፤ ስለ አፈጻጸሙ የሚነገረው እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቅቆ ወጣ። ከብቱ ዛሬም ሜዳው ላይ ነው። የሜዳ አህያውና የጉጂ ላም ጎን ለጎን ሲግጡ ማየት ለጎብኚ ያምራል። ሳሩ ግን ለሁለቱም አይበቃም፤ ሜዳው ላይ እየሰፋ የመጣው ቁጥቋጦም ሌላ ራስ ምታት ነው።

ዶርዜ

ነጭ ሳርን አይቶ በጋሞ ደጋ ላይ ያለችውን የዶርዜ መንደር ሳያዩ መመለስ ውሃውን ጠጥቶ ምንጩን እንዳለማየት ነው። ደኑን የሚያጠጣው ውሃ የሚመጣው ከዚያ ደጋ ነውና። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ አየሩ ግን ይለወጣል። ታች በሸሚዝ የነበረ ሰው እዚህ ጋቢ ይፈልጋል። በመንገዱ ዳር ሕፃናት እየጨፈሩና እየተገለባበጡ መኪና ይቀበላሉ። ከመኪና መስኮት ሳንቲም መወርወር ልጆቹን ወደ ጎማው ስለሚስብ አይመከርም።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ እንደ ቅርጫት ይሠራል። ምሰሶ መሃል ላይ የለውም። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ፊት ለፊቱ ወጣ ያለው በር አፍንጫ ይመስላል፤ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይን። ዝሆን ነው የሚመስለው። በአካባቢው ዝሆን በነበረበት ዘመን ቅርጹ ከእሱ ተወሰደ ይላሉ። ምስጥ የቤቱን ግርጌ ከስር ሲበላው የተበላው ይቆረጣል። ቤቱም በየዓመታቱ ያጥራል። ስለዚህ አንድን ቤት አይቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል፦ ረጅሙ ወጣት፣ አጭሩ ሽማግሌ። ምስጡ ከበረታ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል።

ከየቤቱ ጀርባ እንሰት አለ። እናቶች የእንሰቱን ግንድ ዘንበል ባለ እንጨት ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ይፍቁታል። የተፋቀው ነጭ ሥጋ ታች ይቀራል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል። ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ከዳጣና ከማር ጋር ይቀርባል። መጀመሪያ ላይ ለማያውቀው ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ይለመዳል።

የዶርዜ ስም አገር ያወቀው ግን በሽመና ነው። ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ እግሩን አስገብቶ፣ ፔዳሉን እየረገጠ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ የምናውቀው ጋቢና ነጠላ የእነዚህ እጆች ልጅ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሰደረበት ዱንጉዛም ከዚሁ ከጋሞ ነው። ገበያውን ለማየት ዶርዜ ሰኞና ሐሙስ፣ ጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ጋሞዎችን የሚያስመሰግናቸው የእርቅ ባህላቸው ነው። ጉባኤ የሚቀመጡበት አደባባይ ዱቡሻ ይባላል። እዚያ የተባለው ይከበራል። በመስከረም 2011 ዓ.ም በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ አልፏቸው አልሄደም። ያ ፎቶ አገር ምድሩን አዳረሰ። የያዙት ሳር እንደ ነጩ ሜዳ ሳር የደረቀ አልነበረም፤ ለምለም ነበር።

ለጉብኝት የሚመረጠው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ስለሚበረታ የሜዳው መንገድ ጭቃ ይሆናል። ጠዋት ማልዶ ወደ ሜዳው፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ወደ ጫሞ፣ በማግስቱ ወደ ዶርዜ መሄድ ጥሩ ነው። ለደኑ ደግሞ ግማሽ ቀን ተርፎ ይመደብለት፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እሱን ነው።