ስቴም ሴል ተመራማሪ ለመሆን ሐኪም መሆን ግድ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒኤችዲዬን የሠራሁት በስቴም ሴል ላይ ነው። ይሄን የሰማ ሰው ሁሉ አስተያየት አያጣም። ከአገር ቤት የሚጽፉልኝ ተማሪዎች፣ እዚህ አሜሪካ ልጃቸውን ኮሌጅ ያስገቡ ወላጆች፣ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ሳይቀሩ አንድ ነገር ይነግሩኛል። አብዛኛው ስህተት ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ስቴም ሴል፣ አንዳንዶች ግንድ ህዋስ የሚሉት፣ ራሱን ማባዛትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥም የሚችል ሴል ነው። መቅኔያችሁ ውስጥ ያሉት ይሄን እያነበባችሁ እንኳ ደም እየሠሩላችሁ ነው።

«መጀመሪያ ሐኪም መሆን አለብህ»

የስህተቶቹ ሁሉ አውራ ይሄ ነው። እኛ ዘንድ ጎበዝ ተማሪ ሐኪም ይሆናል፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው ደግሞ የሰው አካል ጉዳይ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው ይባላል።

ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ነገሩ መልክ የያዘው በፈረንጆቹ 1961 (ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) ቶሮንቶ ውስጥ ነው። ኧርነስት ማካሎክ የደም ሐኪም ነበር፣ ጄምስ ቲል ደግሞ የፊዚክስ ሰው። ጨረር የተመቱ አይጦች ውስጥ የመቅኔ ሴል ሲያስገቡ የአይጦቹ ጣፊያ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ወጡ። ያስገቡት ሴል በጨመረ ቁጥር እብጠቱም በዚያው ልክ ጨመረ። እብጠቱን አይቶ «ቁስል ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ቆጥሮ፣ አስልቶ፣ ከጀርባው ምን ዓይነት ሴል እንዳለ መጠየቅ ግን የፊዚክስ ጭንቅላትም ይፈልጋል። በ1998 ደግሞ የሰውን የፅንስ ስቴም ሴል ለመጀመሪያ ጊዜ ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ ያሳደገው የዊስኮንሲኑ ጄምስ ቶምሰን የእንስሳት ሐኪም ነው። ቢሾፍቱና ጎንደር እንስሳት ሕክምና የምትማሩ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ።

«ያማናካስ ሐኪም አይደል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ነው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሲማር እጁ በጣም ስለሚዘገይ «ጃማናካ» የሚል ስም ወጣለት፤ «ጃማ» በጃፓንኛ እንቅፋት ማለት ነው። ቀዶ ሕክምናውን ትቶ ምርምር ገባ። በ2006 ተራ የአይጥ ሴሎችን ወደ ስቴም ሴልነት መመለስ እንደሚቻል አሳየና በ2012 ኖቤል ተሸለመ። ያንን ሙከራ በእጁ የሠራው ግን ካዙቶሺ ታካሃሺ የሚባል፣ መጀመሪያ ምህንድስና የተማረ ወጣት ነው። ሴሉን ወደ ስቴም ሴልነት ይመልሳሉ ተብለው የተጠረጠሩት ጂኖች 24 ነበሩ። የትኛው እንደሚሠራ ስላልታወቀ ሁሉንም ባንድ ላይ ከተታቸው፤ ሠራ። ከዚያ በየተራ አንድ አንዱን እያስቀረ ሞከረና 4ቱ ብቻ እንደሚበቁ አገኘ። ወጡ ውስጥ ያለውን ቅመም ሁሉ ጨምሮ፣ በኋላ የትኛው እንዳጣፈጠው እያጎደሉ እንደመቅመስ ነው።

ዛሬ ደግሞ ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ተፈላጊ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች እያንዳንዳቸው የትኛውን ጂን እንዳበሩ የሚነበብበት ዘመን ላይ ነን፣ ያ መረጃ ደግሞ በኤክሴል የሚገፋ አይደለም። አር ወይም ፓይተን የሚባሉትን የኮድ ቋንቋዎች የምታውቅ የስታትስቲክስ ተመራቂ ብዙ ላብ ውስጥ እጅ ዘርግተው ይቀበሏታል።

«ቤት ሸጠህ ካልሆነ አትማረውም»

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በዚህ ወሬ ምክንያት ማመልከቻ እንኳ ሳያስገቡ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ።

አሜሪካ ውስጥ በባዮሎጂና በሕክምና ሳይንስ ፒኤችዲ ስትማሩ በአብዛኛው እናንተ አትከፍሉም፤ ይከፈላችኋል። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ የጤና መድን አለ፣ በዚያ ላይ ስታይፔንድ የሚሉት የመኖሪያ ገንዘብ ይሰጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ በ2024 የበጀት ዓመት ለፒኤችዲ ሠልጣኝ ያስቀመጠው በዓመት 28,224 ዶላር ነበር። ኑሮ ውድ በሆነባቸው ከተሞች ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች ከ40,000 በላይ ይከፍላሉ። ሀብታም አያደርግም። ከሦስት ሰው ጋር ቤት ተጋርታችሁ፣ ምሳ ቋጥራችሁ የምትኖሩበት ገንዘብ ነው፤ ግን ዕዳ የለበትም።

ኪስ የሚያራቁተው ማስተርሱ ነው። እሱን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ተማሪው ነው። «የስቴም ሴል ማስተርስ» የሚል ነገር አይታችሁ ከመጓጓታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ።

ደስ የማይለውንም ልንገራችሁ። የኤንአይኤች የሥልጠና ቦታዎች ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወይም ከመቀሌ የሚያመለክት ልጅ ገንዘቡ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከአማካሪው የምርምር ገንዘብ (ግራንት) መምጣት አለበት፣ ስለዚህ ውድድሩ ለእሱ ይጠብቃል። ዲቪ ደርሶት ግሪን ካርድ የያዘ ልጅ ግን ቦስተን ከተወለደው እኩል ይወዳደራል። ይሄን የማያውቅ ስንት ልጅ አለ መሰላችሁ፣ ፓርኪንግ ላይ እየሠራ «እኔ እኮ ዜጋ አይደለሁም» የሚል! የማመልከቻ ክፍያውም ቢሆን ብዙ ዩኒቨርሲቲ ለጠየቀ ይተወዋል። ኢሜል ጻፉ፣ መጠየቅ አያሳፍርም።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የክልሉ ሕዝብ በ2004 ድምፅ ሰጥቶ 3 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2020 ደግሞ 5.5 ቢሊዮን ዶላር ለስቴም ሴል ምርምር ፈቅዷል። ከዚያ ገንዘብ የሚደገፍ «ብሪጅስ» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እንደ ሳን ሆዜና ኖርዝሪጅ ባሉ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ልጆችን እየከፈለ ትልልቅ ላቦች ውስጥ ያሠለጥናል። ልጃችሁ ስታንፎርድ ስላልገባ አልቅሳችሁ ከሆነ፣ በዚህ በር ስታንፎርድ ላብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

«ማስተርስ ከሌለህ አይቀበሉህም»

አሜሪካ በባችለር በቀጥታ ይቀበላሉ። እንደ ጀርመን ያሉ የአውሮፓ አገሮች ግን ብዙውን ጊዜ ማስተርስ ይፈልጋሉ። አሜሪካ 5 እና 6 ዓመት ይፈጃል፣ አውሮፓ 3 እና 4። በቃ።

«የዲግሪው ስም ላይ ስቴም ሴል ካልተጻፈ ዋጋ የለውም»

ስታንፎርድ በዚሁ ስም የሚጠራ ፒኤችዲ አለው፤ እንዲህ ያሉ ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚገባው በጄኔቲክስ፣ በሴል ባዮሎጂ ወይም በባዮኢንጂነሪንግ በር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሁለት ሦስት ላብ ውስጥ እየተዘዋወራችሁ ትሠራላችሁ፣ «ሮቴሽን» ይሉታል፣ ከዚያ አንዱን ትመርጣላችሁ። ከዲግሪው ስም ይልቅ ወሳኙ ያ ምርጫ ነው። እኔ መጀመሪያ የዞርኩበት ላብ ኃላፊ ስሙ የገነነ ሰው ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ ፊቱን ያየሁት ሁለቴ ነው፣ አንዱ ሊፍት ውስጥ። ስለዚህ ከላቡ የወጡ ተማሪዎችን ፈልጋችሁ ጠይቁ፦ በስንት ዓመት ተመረቁ? አሁን የት ናቸው? ስለ ላቡ ኃላፊ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል?

«4 ነጥብ ካላመጣህ አርፈህ ተቀመጥ»

ከያማናካ ጋር ኖቤሉን የተካፈለው እንግሊዛዊው ጆን ገርደን ትምህርት ቤት ሳለ በባዮሎጂ ከ250 ተማሪ 250ኛ ወጥቶ ነበር። መምህሩ ይሄ ልጅ ሳይንቲስት ልሁን ማለቱ የሚያስቅ ነው ብሎ ሪፖርቱ ላይ ጻፈበት። ገርደን ወረቀቱን በፍሬም አድርጎ ቢሮው ሰቀለው።

እውነቱን ለመናገር ዛሬ ውጤቱ እንደዚያ የሆነ ልጅ ይገባል ብዬ አላታልላችሁም። ውጤት ይታያል። ግን የሚመዝነው እጃችሁ ላይ ያለው ሥራና የድጋፍ ደብዳቤው ነው። እዚህ ላይ እኛ የምንጎዳበትን ነገር ልንገራችሁ። አገር ቤት መምህሩን ደብዳቤ ስትጠይቁት «አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ይላል። ሦስት መምህር፣ ሦስት ደብዳቤ፣ ሦስቱም በአንድ ሰው ቋንቋ፣ ሦስቱም «ታታሪና ትሑት» የሚሉ። የሚያነበው ኮሚቴ ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ ይልቅ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ያማከረ አንድ መምህር «ይህች ልጅ መብራት ጠፍቶ ናሙናዋ ሲበላሽ እንዲህ አድርጋ ከዜሮ ጀመረች» ብሎ ቢጽፍ ይሻላል። ነገሩን ራሳችሁ አስታውሱት፤ ደብዳቤውን ግን እሱ ይጻፈው።

«ፅንስ ማፍረስ ነው፣ ኃጢአት ነው»

እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይሄን ነው። የፊቷን ጭንቀት አልረሳውም።

ከፅንስ የተገኙ ስቴም ሴሎች አሉ፣ ዛሬም ይሠራባቸዋል። ግን በየሳምንቱ አዲስ ፅንስ ይመጣል ማለት አይደለም። ቶምሰን በ1998 ያሳደጋቸው ሴሎች እስካሁን እየተባዙ በዓለም ዙሪያ ያገለግላሉ፤ የተገኙትም ለመውለድ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ከማህፀን ውጭ ተፈጥሮ የተረፋቸውን ፅንስ ፈቅደው በመስጠታቸው ነው። ያማናካ መንገዱን ካሳየ ወዲህ ደግሞ ከአዋቂ ሰው ደም ወይም ቆዳ ስቴም ሴል መሥራት ይቻላል። የመቅኔ ስቴም ሴል ላይ ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩም አሉ። ህሊናው የማይፈቅድለት ተማሪ ላቡን መርጦ መግባት ይችላል። እኔ የሠራሁት ከደም በተሠሩት ላይ ነው፣ እናቴም አረፈች።

ሥነ ምግባሩ ግን ፅንስ ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ከ2004 እስከ 2006 ደቡብ ኮሪያን ያናወጠውን ቅሌት ውሰዱ፦ ስመ ጥሩ ተመራማሪ የሰው ፅንስ ክሎን አድርጌ ስቴም ሴል አወጣሁ አለ፣ መረጃው የፈጠራ ሆኖ ጽሑፎቹ ተሰረዙ። በሥሩ የሚሠሩ ሴቶችም ለምርምሩ እንቁላላቸውን ሰጥተው ነበር። አለቃሽ ሲጠይቅሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ? ክፍል ውስጥ የተከራከርነው በዚህ ላይ ነበር።

«በየቀኑ ተአምር ታያለህ»

በየቀኑ የማየው ፒፔት የሚባለውን የፈሳሽ መምጠጫ ነው። የሰው ስቴም ሴል 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ይቀመጣል፣ ሚዲያ የሚባለው ፈሳሽ ምግቡ ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ይቀየርለታል፣ ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ። ሴል ፋሲካ አያውቅም። የእኛ ገና ደግሞ ፈረንጁ ሥራ ላይ ባለበት ቀን ስለሚውል፣ አራት ገና ሴል መግቤ ነው ዶሮ ወጥ የበላሁት።

ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በጣም ትንሽ ነው፣ ሚዲያውን አያደፈርስም፣ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ሴሉን ግን ያበላሻል። አንዴ ገብቶብኝ የሁለት ወር ሥራዬን በረኪና ደፍቼበት ጣልኩት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ወጥቼ እንደገና ጀመርኩ።

ግን ስቴም ሴሉን ወደ ልብ ሴል ስትቀይሩት ሳምንት ትንሽ አለፍ ሲል ሳህኑ ላይ መምታት ይጀምራል። ድም፣ ድም። ማንም ሳያዘው። የዚያን ቀን ላቡን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

«ስትጨርስ ፕሮፌሰር ነህ»

አብዛኛው አይሆንም። ከፒኤችዲ በኋላ ፖስትዶክ የሚባል ሌላ የሥልጠና ዘመን አለ፤ የኤንአይኤች መነሻ ክፍያ በ2024 በዓመት 61,008 ዶላር ነበር። ያንን ለዓመታት ሠርቶም የፕሮፌሰር ወንበር የማያገኝ ብዙ ነው። ውድቀት ግን አይደለም። በኅዳር 2016 በእኛ አቆጣጠር፣ በ2023 መጨረሻ በፈረንጆቹ፣ አሜሪካ ካስጄቪ የተባለውን ሕክምና ሲክል ሴል ለሚባለው በዘር ለሚተላለፍ የደም በሽታ ፈቀደች፤ የታማሚው የራሱ የደም ስቴም ሴል ወጥቶ፣ ጂኑ ተስተካክሎ ይመለስለታል። ለእያንዳንዱ ታማሚ ለብቻው የሚሠራ መድኃኒት ነው። ያንን የሚያመርት፣ ጥራቱን የሚመረምር፣ ለመንግሥት ፈቃድ ሰነዱን የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሥራ ፒኤችዲም አይጠይቅም።

አገር ቤት ቢመለሱስ? የሴል ዓይነት የምንለይበት ፍሎ ሳይቶሜትሪ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ሲዲ ፎር የሚቆጠርበት ቴክኖሎጂ ነው። ሴል ማሳደግና ጂን ማንበብም እንደ አርማወር ሐንሰን ላለ የምርምር ተቋም እንግዳ ሙያ አይደለም።

«እንግዲያው ጉልበቴን አክምልኝ»

ይሄን ያሉኝ የእናቴ ጎረቤት ናቸው። አንድ ክሊኒክ በብዙ ሺህ ዶላር ስቴም ሴል ጉልበታቸው ውስጥ እወጋለሁ ብሏቸዋል። በደንብ የተረጋገጠው የስቴም ሴል ሕክምና አሁንም በዋናነት የደምና የመቅኔው ነው፤ ለስኳር፣ ለዓይን፣ ለፓርኪንሰን በሰው ላይ እየተሞከረ ያለ አለ፣ ተስፋ ሰጪም ነው፣ ግን ሙከራ ነው። በሙከራ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ በአብዛኛው ታማሚውን በሺህ የሚቆጠር ዶላር አያስከፍልም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም እንዲህ ያሉ ክሊኒኮችን ደጋግሞ አስጠንቅቋል።

ይሄን ሁሉ ሃያ ደቂቃ አስረዳኋቸው። «እሺ የኔ ልጅ፣ ታዲያ አንተ በስንት ትወጋኛለህ?» አሉኝ። ፊዚዮቴራፒ ይሂዱ ብያቸው ተቀየሙኝ፤ አሁንም ለእናቴ «ያ ልጅሽ ሐኪም ቢሆን ኖሮ» ይሏታል አሉ።