ሄሌቦርን በወሎ ደጋ ማልማትና ማዳቀል

ሄሌቦር የተባለው የአበባ ተክል ከጥቁር አዝሙድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የጥቁር አዝሙድን አበባ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሄሌቦርን በከፊል ያውቀዋል ማለት ይቻላል። በሁለቱም ላይ ዓይን የሚስበው ክፍል የእንቡጡ ሽፋን ነው እንጂ የአበባ ቅጠል አይደለም። እውነተኞቹ የአበባ ቅጠሎች አንሰው፣ ወለላ የሚይዙ ትንንሽ ዋንጫዎች ሆነው መሐል ላይ ተደርድረዋል። የሄሌቦር ሽፋን እንደ አበባ ቅጠል ቶሎ ስለማይረግፍ አንዱ አበባ ከወር በላይ ተክሉ ላይ ይቆያል። ወደ 20 የሚሆኑ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ የደቡብ አውሮፓና የምዕራብ እስያ ናቸው። በጓሮ በብዛት የሚተከሉት ከሄሌቦረስ ኦሪየንታሊስና ከዘመዶቹ የተገኙት ዲቃላዎች ናቸው።

በአውሮፓ «የክረምት አበባ» መባሉ ወሎ ላይ ያሳስታል። የእነሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የብርድ ወቅት ነው፤ ለእኛ ያ በጋ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ፀሐይ። የእኛ ክረምት ደግሞ ለዚህ ተክል ከውርጭ የከፋ ፈተና ይዞ ይመጣል፤ የሐምሌና የነሐሴ ውሃ ቡቃያው በሚወጣበት አንገቱ ላይ ከተኛ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ወሎ ላይ ሥራው ሁሉ ከውሃ አያያዝ ይጀምራል።

ቦታው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ደሴ ከተማ (2,500 ሜትር አካባቢ) እና ከዚያ በላይ ያሉት እንደ ጉጉፍቱና የደላንታ አምባ ያሉ ቦታዎች ይስማሙታል፤ ኮምቦልቻና ባቲ ሙቀታቸው ስለሚበዛ ባይሞከር ይሻላል። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከቤቱ በስተሰሜን ያለው የግድግዳ ጥግ ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥላ ያገኛል። የወይራ ወይም የኮሶ ጥላም ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ግን እርጥበቱን ስለሚሻማው አይተከልም።

የደላንታ፣ የጃማና የወረኢሉ ጥቁር ዋልካ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሥሩን አንዴ ያፍነዋል፣ አንዴ ይበጥሰዋል። እዚያ መደቡ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈርለት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስትና አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ይቀላቀላል። ጉድጓዱ 40 ሳንቲሜትር ስፋትና ጥልቀት ይኑረው፤ በተክሎች መካከል 45 ሳንቲሜትር ይተው። የሚበዛው ስህተት አጥልቆ መትከል ነው። ቡቃያው የሚወጣበት አንገት ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ወይ አያብብም፣ ወይ ይበሰብሳል። መትከያው ዝናቡ ሲቀንስ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ነው። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ባልዲ ውሃ ይሰጠዋል፤ አምስት ሳንቲሜትር የሚሆን የስንዴ ገለባ ይነጠፍለታል፣ አንገቱን ሳይነካ።

ውርጭ ያደረበት ዕለት ማለዳ ላይ የአበባው ግንድ መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ይታያል። የሞተ ይመስላል። ረፋዱ ላይ ሲሞቀው ግንዱ ቀስ በቀስ ቀና ይላል። ደንግጦ መቁረጥ፣ የሞቀ ውሃ ማፍሰስም አያስፈልግም።

ተክሉ ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዛማ ነው፤ ልብን የሚያውክ ንጥረ ነገር አለው። ጤና አዳምና ዳማከሴ በሚቀጠፍበት ጓሮ ውስጥ ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ መንገር ግዴታ ነው። ለመድኃኒት አይሆንም፤ የተቆረጠው ቅጠልም በግና ፍየል ፊት አይጣልም። ጭማቂው ቆዳን ስለሚያሳክክ የጎማ ጓንት ይደረጋል።

ቅጠሉ ላይ ክብ ቡናማ ነጠብጣብ ከታየ ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉን ቆርጦ ማቃጠል ይበቃል። በቅጠሉ ጅማቶችና በግንዱ ላይ እንደ ቀለም የፈሰሰ ጥቁር መስመር ከወጣ ግን ቫይረስ ነው፣ የሚያዛምተው ክሽክሽ ነው፣ መድኃኒት የለውም። ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል፤ ወደ ኮምፖስት አይገባም።

ማዳቀል ወረንጦ፣ ክርና ትዕግሥት ይጠይቃል። የአበባው ሴቴ ክፍል ከወንዴው ቀድሞ ስለሚደርስ፣ እናት የምትሆነው አበባ በማግሥቱ ልትከፈት ስትል እንቡጧ በእጅ ይከፈትና ወንዴ ክፍሎቿ በሙሉ በወረንጦ ይለቀማሉ። ከአባት አበባ አሁን የፈነዳ ወንዴ ክፍል ተወስዶ ብናኙ በሴቴዋ ጫፍ ላይ ይቀባል፤ ለሦስት ቀን ይደገማል። ንብ እንዳይደርስባት በስስ ጨርቅ ትሸፈናለች። አንገቷ ላይ ባለቀለም ክር ይታሰራል፤ የእናትና የአባት ስም ደብተር ላይ ይመዘገባል።

ድርብ (ብዙ ረድፍ ያለው) አበባ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ትውልድ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ድርብን ከነጠላ ጋር ያዳቀሉ እንደሆነ ልጆቹ በአብዛኛው ነጠላ ይሆናሉ፤ ድርቡ የሚመለሰው ወንድምና እህት ሲዳቀሉ ነው። ዛሬ ከምናያቸው ድርብ ዲቃላዎች ለብዙዎቹ መነሻ የሆኑት እንግሊዛዊቷ ኤሊዛቤት ስትራንግማን በ1971 እ.ኤ.አ. ሞንቴኔግሮ ውስጥ ያገኘቻቸው ሁለት የዱር ተክሎች ናቸው።

ዘሩ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ፍሬው ሲፈነዳ ጥቁር የሚያብረቀርቀው ዘር ስለሚረግፍና ጉንዳንም ስለሚወስደው አስቀድሞ በስስ ጨርቅ ይታሰራል። እንደ ጎመን ዘር አድርቆ ማስቀመጥ እንቅልፉን ያከብደዋል፤ በዚያው ሳምንት አንድ ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ መዘራት አለበት። መጀመሪያ ለሦስት ወር ያህል ሙቀትና እርጥበት፣ ቀጥሎ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ብርድ ይፈልጋል። የደሴ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ስለሚያሞቀው በዚህ ላይ መተማመን አይቻልም፤ ብርዱን ለመስጠት ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር በላስቲክ አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የተሻለ ነው፣ ምግብ እንዳይመስል በትልቁ ተጽፎበት። ችግኙ የመጀመሪያውን እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ትንሽ ፌስታል ይዛወራል። አበባ የሚሰጠው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያው አበባ ቀለሙም ቅርጹም ያልረጋ ስለሚሆን፣ የሚነቀለውንና የሚቀረውን መለየት ያለበት ሁለተኛ ጊዜ ካበበ በኋላ ነው።