ሕመምን ለሐኪም መናገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኩላሊቴን ነው የሚያመኝ ካልኩ ሐኪሙ ይገባዋል»
ወገባችንን ባመመን ቁጥር ኩላሊት ላይ እናላክካለን። የወገብ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጡንቻና ከአከርካሪ ነው የሚመጣው። የኩላሊት ጠጠር ሲሆን ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ሰውየውንም አላስቀምጥ አላስተኛ ይለዋል። ሕመም ደግሞ ቦታ ይቀያይራል። ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ታችኛው የሆድ ቀኝ ጎን ይዞራል። የሐሞት ጠጠር ቀኝ ትከሻ ላይ ሊሰማ ይችላል። «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ የሚታለፈውም አንዳንዴ የልብ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የበሽታውን ስም ለሐኪሙ ተዉለት። እናንተ የት እንደጀመረና ወዴት እንደሄደ በጣት አሳዩ።

«ሕመሙ ከ10 ስንት ነው ሲሉኝ 10 ካላልኩ ችላ ይሉኛል»
ቁጥሩ ከሌላ በሽተኛ ጋር አያወዳድራችሁም። የራሳችሁን የትናንት ሕመም ከዛሬው ጋር ለማስተያየት ነው። ሁሌ 10 ካላችሁ መድኃኒቱ መሥራቱ በምን ይታወቃል? እንደኔ «ደረጃ መውጣት አቃተኝ» ወይም «ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል» ማለት ከቁጥሩ ይበልጣል። ጥርስ ነክሶ «ደህና ነኝ» ማለትም አይጠቅምም፤ ይሄ የእናቶቻችን አመል ነው።

«ሕመም ያው ሕመም ነው፣ ዓይነት የለውም»
አለው እንጂ! የሚያቃጥል፣ የሚነዝርና የሚያደነዝዝ ከሆነ ሐኪሙ ነርቭ ይጠረጥራል። መጣ ሄድ የሚል ቁርጠት ወደ አንጀት ያመለክተዋል። አየር ስትስቡ የሚወጋችሁ ከሆነ ደግሞ ሳንባን ወይም ጎድንን ያያል።

«ማስታገሻ ከዋጥኩ ምርመራው ይበላሻል»
ብዙውን ጊዜ አይበላሽም። የዋጣችሁትን ግን አትደብቁ፦ የትኛውን፣ ስንት፣ መቼ፣ ምን ያህል አስታገሰ።

«ሕመምን መዝግቦ መያዝ የፈረንጅ ጣጣ ነው»
ስልካችሁ ላይ በቀን አንድ መስመር ይበቃል። መቼ ተነሳ፣ ምን እየሠራችሁ፣ ምን አቀለለው። ጾም ላይ ከሆናችሁ እሱንም ጻፉ፤ በባዶ ሆድ ተነስቶ ምግብ ሲገባ የሚበርድ ሕመም የአንጀት መግቢያ ቁስለት ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ሰዓቱን አትርሱ፦ የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለእነሱ 3 ሰዓት ነው።

ደረት ተጨምድዶ ላብ ካጠመቃችሁ፣ ወይም ከዚህ በፊት የማታውቁት ከባድ ራስ ምታት ድንገት ከመታችሁ ግን ምንም አትመዝግቡ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።