የአሮጌ መኪና ሽቦ፦ ጋራዥ ውስጥ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በየግቢው ሸራ ለብሰው የከረሙ ቮልሶች፣ ላዳዎችና ላንድሮቨሮች ፈላጊ አግኝተዋል። ከአለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ የቆመ አንድ አሮጌ መኪና አታጡም። የባለቤቶቹ ፍላጎት ተመሳሳይ ነው፤ መልኩ የድሮ፣ አነዳዱ የዛሬ። አልተርኔተር (ባትሪ የሚሞላው አዲሱ ዓይነት ዲናሞ)፣ ሃሎጅን መብራት፣ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን፣ ቴፕ፣ የስልክ ቻርጀር። ቦዲው ይቀጠቀጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወንበሩ ይለበሳል። ሽቦው የሚታሰበው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ምክር በነፃ ይዘንባል፤ ከምክሩ አንዳንዱ መኪና ያቃጥላል።

«ከ6 ወደ 12 ቮልት ከተቀየረ የድሮው ሽቦ አይችለውም»

ይችለዋል፤ እንዲያውም ይቀለዋል። ሽቦን የሚያሞቀው ቮልቱ ሳይሆን የሚያልፍበት አምፔር ነው። 45 ዋት አምፖል በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይወስዳል፤ በ12 ቮልት ግን ከ4 አምፔር በታች። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ቮልሶች በብዛት 6 ቮልት ስለነበሩ፣ ፋብሪካው የዘረጋላቸው ሽቦ ለ12 ቮልት ከበቂ በላይ ውፍረት አለው። መለወጥ ያለባቸው ከባትሪውና ከዲናሞው ጋር አምፖሎቹ፣ ኮይሉ፣ ሬጉሌተሩ፣ ክላክሱና የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ናቸው። የ12 ቮልት ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ልግጠም የሚል ደግሞ አስቀድሞ የፍላይዊሉን፣ ማለትም ሞተሪኖው የሚያዞረውን ክብ ብረት፣ ጥርስ ይቁጠር። የ6 ቮልቱ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ስለሆነ አይገጣጠሙም።

የድሮ ሽቦ የሚጣልበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ዕድሜና ሙቀት። በሞተሩ አጠገብ የሚያልፈውን ሽቦ በጣታችሁ አጠፍ አድርጉት። ልባሱ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ጫፉ ሲላጥ መዳቡ ጠቁሮ ከወጣ፣ ናስትሮ እየጠመጠሙ ማቆየት ዋጋ የለውም።

«ፊውዝ ዕቃውን ነው የሚጠብቀው፤ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ከፍ ያለ ማስገባት ነው»

እንደዚህ ምክር መኪና ያቃጠለ የለም ባይ ነኝ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ቴፑ ቢቃጠል ሌላ ቴፕ ይገዛል፤ ሽቦው ቢቃጠል ግን አብሮት የታሰረው ጥቅል በሙሉ፣ ከዚያም መኪናው ይሄዳል። ስለዚህ ፊውዝ የሚመረጠው የሽቦውን አቅም ተመልክቶ ነው። 10 አምፔር በሚችል ሽቦ ላይ 30 አስገብቶ መንዳት ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው። የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልለው የሚያስገቡትንም ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስት አንድ ነገር አለ። በድሮዎቹ ቮልሶች ላይ ያሉት የሸክላ ፊውዞች ነጩ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ናቸው። በአዲሶቹ ባለ ሁለት ምላጭ ፊውዞች ግን ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 ነው። አሮጌውን ሳጥን በአዲስ የሚተካ ሰው ቀለም በቀለም ከተካ ነገሩ ይዛባል፤ ቁጥሩን ነው ማንበብ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጭራሽ ፊውዝ የሌለው ሽቦ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባትሪው ተነስቶ ወደ ማስነሻ ቁልፉና ወደ መብራት ማብሪያው የሚሄደው ዋና ሽቦ በፊውዝ አያልፍም። ላዳ 2101 ላይም የኢግኒሽኑ፣ የማስነሻውና የቻርጁ መስመር ያለ ፊውዝ ነው የተሠራው። አዲስ ሽቦ ስትዘረጉ ለዚህ መስመር ከባትሪው በቅርብ ርቀት ዋና ፊውዝ ስጡት፤ የሞተሪኖው ወፍራም ገመድ ብቻ ይቅር። የቮልስ ባለቤቶች ሌላም ጣጣ አለባችሁ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ብረት ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ ሾርት ያደርጋል፤ የወንበሩ ሙሊት ደግሞ ቶሎ ይያያዛል። ፋብሪካው ለባትሪው መክደኛ የሠራው ለዚህ ነበር፤ ያ መክደኛ ዛሬ በስንቱ ቮልስ ላይ እንደቀረ ወንበር ከፍቶ ማየት ነው።

«ዋናው ፖዘቲቩ ነው፤ ማሳ የትም ይታሰራል»

ሞተር ቤቱ አምሮ ተቀብቶ ከጋራዥ የወጣ መኪና በማግስቱ አልነሳ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው። ከፖዘቲቭ የወጣው አምፔር ሁሉ በኔጋቲቭ መመለስ አለበት፤ መመለሻው ደግሞ ቦዲውና ሻንሲው ነው፤ ማሳ የሚባለው ይኸው ከብረቱ ጋር የሚታሰረው መስመር ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀለም ቀቢው ማሳ የሚታሰርበትን ቦታ አልብሶት ከሄደ፣ ቡሎኑ ምንም ቢጠብቅ መብራቱ ይንቀጠቀጣል፣ ክላክሱ ይደክማል፣ ፍሬቻ ሲበራ ሌላው አምፖል አብሮ ይጨፍራል። ቦታውን እስከ ብረቱ መፈግፈግ፣ ማሰር፣ ከዚያ በላዩ ላይ ግራሶ ወይም ቀለም መቀባት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ሞተርና ካምቢዮ ደግሞ በጎማ ላይ ስለሚቀመጡ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው ጠፍጣፋ የተጠለፈ መዳብ ያስፈልጋቸዋል። ሞተር ሲወርድ ይፈታል፤ ሲመለስ ይረሳል። ያኔ ሞተሪኖው የሚፈልገው ከመቶ አምፔር በላይ የሆነ ጉልበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የነዳጅ መስጫውን ወይም የፍሪሲዮኑን ገመድ ነው። ገመዱ ይግላል፣ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል። መካኒኩ ገመድ ይለውጣል፤ በወሩ ደግሞ ሌላ ገመድ።

መፈተሻው ቀላል ነው። መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት አስነኩ። ሌላ ሰው ሞተሩን ያስነሳ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው።

«መብራቱ ከደከመ 100 ዋት አምፖል ማስገባት ነው»

አምፖሉ ላይ ስንት ቮልት እንደሚደርስ ለክታችኋል? ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች አንድ ላይ ከ9 አምፔር በላይ ይወስዳሉ። 1 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ ሽቦ 4 ሜትር ሲጓዙ ከ0.6 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የስልሳ ዓመት ማብሪያ የሚበላው ሳይቆጠር። ሽቦው 2.5 ቢሆን ኪሳራው ከ0.3 በታች ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አምፖል አንድ አሥረኛ ቮልቱን ሲያጣ ከብርሃኑ ሲሶ ያህሉን ያጣል። 100 ዋት ሲገባበት አምፔሩ ስለሚጨምር ኪሳራውም ይጨምራል፣ ማብሪያውም ይቀልጣል።

መፍትሔው ሪሌ ነው፤ በትንሽ አምፔር ታዝዞ ትልቁን አምፔር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ። በእግሮቹ ላይ ቁጥር አለ፦ 30 ቁጥር ከባትሪ በፊውዝ፣ 87 ወደ አምፖሉ፣ 85 ወደ ማሳ፣ 86 ከድሮው ማብሪያ። ማብሪያው ከዚያ በኋላ የሚሸከመው 0.2 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ከለቡ በኋላ መንገዱ ሲጨልም ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

«ሽቦ ሽቦ ነው፤ የቤቱም ይሠራል»

ይሠራል፣ እስኪበጠስ። የቤት ሽቦ አንድ ድፍን መዳብ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ስለማይነቃነቅ አይጎዳም። ሞተር ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይደክምና ከልባሱ ውስጥ ይሰበራል፤ ከውጭ ደህና ይመስላል። ልባሱም የተለመደው 70 ዲግሪ ድረስ ነው የሚችለው፤ የመኪናው 105 ይችላል። ሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪኖች የወጣ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ይገኛል፤ ጫፉን ልጣችሁ ካልጠቆረ ከአዲስ የቤት ሽቦ እመርጠዋለሁ።

«በካውያ የተበየደ ከሁሉ ይጠነክራል»

ብየዳው በክሮቹ መሐል ሰርጎ ሽቦውን ያደርቀዋል፤ ከደረቀበት ጠርዝ ላይ ንዝረት ይሰብረዋል። በትክክለኛው ፒንሳ የተጨመቀ ተርሚናል ሞተር ቤት ውስጥ ይሻላል። መበየድ ግድ ከሆነ፣ ሽቦው ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ ታስሮ ይሁን።

«ትልቅ አልተርኔተር ባትሪውንና ዕቃውን ያቃጥላል»

አያቃጥልም። 55 ወይም 90 አምፔር የሚለው ጽሑፍ የሚችለውን መጠን እንጂ በግድ የሚልከውን አይናገርም፤ ሬጉሌተሩ ቮልቱን 14 አካባቢ ይይዘዋል፣ አምፔሩን የሚወስነው ጠያቂው ነው። ሥጋቱ ሽቦው ላይ ነው። ለ30 አምፔር ዲናሞ የተዘረጋው የቻርጅ ሽቦ፣ ባትሪው ባዶ በሆነበት ጠዋት እጥፍ ሊያልፍበት ነው። ክሩስኮቱ ላይ አምፔር ሜትር ያለው መኪና ከሆነ ያ ሁሉ አምፔር በሜትሩ ውስጥ ያልፋል፤ ከመስመሩ አውጥታችሁ በምትኩ ቮልት ሜትር ግጠሙ።

የቻርጇን ቀይ መብራት በኤልኢዲ የሚተኩም አሉ። ያቺ ትንሽ አምፖል ምልክት ብቻ አይደለችም፤ በብዙ አልተርኔተሮች ላይ ቻርጅ የሚጀመረው በእሷ በሚያልፈው ጥቂት አምፔር ነው። ኤልኢዲ ያን ስለማያሳልፍ አልተርኔተሩ ዝም ይላል፤ ሰውዬውም ጤነኛ አልተርኔተር ይጥላል። ፍሬቻም ላይ ኤልኢዲ ከገባ ፍሬቻውን የሚያበልጨልጨው የድሮው ፍላሸር አብሮ ይለወጥ።

«ሁሉም አንድ ቀለም ቢሆን ምን ችግር አለው?»

ቀጥሎ የሚነካው ሰው እናንተ ካልሆናችሁ ብዙ ችግር አለው። በጀርመን መኪና ቡናማ ሽቦ ማሳ ነው። በእንግሊዝ ሥራ ላይ ቡናማው ከባትሪ በቀጥታ የመጣ ፖዘቲቭ ነው፤ ማሳው ጥቁር። ቮልስ ሲሠራ የኖረ ሰው ላንድሮቨር ላይ ቡናማውን ከቦዲ ጋር ካሰረ የሚሆነውን አስቡት። ቀደም ባሉት ላንድሮቨሮች ደግሞ ከቦዲ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፤ ሳያዩ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን መግጠም ዕቃውን በሰከንድ ይገድለዋል። የምትዘረጉትን የየራሱ ቀለም ስጡት፣ አንድ ዓይነት ጥቅል ብቻ ካገኛችሁም በየጫፉ ቁጥር እሰሩበት፣ ሥዕሉን በወረቀት ሳሉ። ወረቀቱን ላስቲክ አልብሳችሁ ከኮፈኑ ውስጥ ለጥፉት፤ ቮልስ ከሆነ የፊቱ ኮፈን ላይ ይሁን፣ የኋላው ላይ የሞተሩ ሙቀት ይጨርሰዋል።